«ኢትዮፒክ» የተባለው የ1956ቱ የግጥም መጽሐፍ ስለ እኛ ነው?

ሴን_ዳር (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ናችሁ ጎበዝ። እዚህ ቤት ብዙ ጊዜ አድማጭ ነኝ፤ ዛሬ ግን የከነከነኝ ነገር ስላለ ልጠይቅ።

ያለሁት ፓሪስ ነው። ባለፈው እሑድ ወንዙ ዳር ከተደረደሩት የአሮጌ መጻሕፍት ሣጥኖች በአንዱ ውስጥ ጀርባው ላይ «ኢትዮፒክ» የሚል ቀጭን መጽሐፍ አየሁ። እነ ሙላቱ አስታጥቄን፣ እነ ማሕሙድ አሕመድን ለፈረንጅ ጆሮ ያደረሰው የሲዲ ተከታታይ ትዝ አለኝና ስለ ሙዚቃው የተጻፈ መስሎኝ፣ ሳላገላብጥ 12 ዩሮ ከፈልኩ። ሜትሮ ውስጥ ስከፍተው ግጥም ሆኖ ቁጭ! ገጣሚው የሴኔጋሉ ሊዮፖልድ ሴዳር ሴንጎር፤ የታተመው እዚሁ ፓሪስ፣ በ1956።

ደግሞ ሌላ የሚገርም ነገር አለው። የድሮ የፈረንሳይ መጻሕፍት ወረቀታቸው እንደታጠፈ ነበር የሚሸጡት፤ ገዢው ራሱ በቢላ እየቀደደ ነው የሚገልጣቸው። የዚህኛው የቀድሞ ባለቤት ግጥሞቹን አንድ በአንድ ቀድዶ አንብቧል። መጨረሻ ላይ ያለውን የደራሲውን ድርሰት ግን ጫፉንም አልነካውም፤ እንደታጠፈ ስንትና ስንት ዓመት ቆይቶ እኔ ዘንድ መጣ። እኔም እስካሁን ቢላ አላነሳሁም።

ርእሶቹን ሳይ ኮንጎ አለ፣ ኒው ዮርክ አለ፣ የዙሉው ንጉሥ ቻካ አለ። የእኛ ስም ያለው ሽፋኑ ላይ ነው። ታዲያ ለምን «ኢትዮፒክ» አለው? በዚያው ዓመት በሌላውም ዓለም ምን ምን ግጥም እንደወጣ የምታውቁ ጨምሩበት፤ የዘመኑን አየር ማወቅ ፈልጌ ነው።

ዋርካ_ሥር

በ1956 እኮ አባቴ አራተኛ ክፍል ነበር። ፉከራ አስጠንተውት መድረክ ላይ ሲወጣ ጠፍቶበት እንዳለቀሰ ይነግረናል፤ ሴንጎር የሚባል ሰው ግን አንስቶልን አያውቅም።

ሴን_ዳር

እ.ኤ.አ. ማለቴ ነው ባክህ! በእኛ 1948 እና የ1949 መጀመሪያ።

ዋርካ_ሥር

እንግዲያ አባቴ ገና ትምህርት ቤትም አልገባም። ቀጥሉ።

ጡረተኛው_መምህር

ልጄ ሴን ዳር፣ የጥያቄህ መልስ አዎም አይደለምም ነው። ከ«አይደለም»ው ልጀምር።

ሴንጎርን ሰው የሚያውቀው በፕሬዚዳንትነቱ ነው እንጂ ከሁሉ በፊት የሰዋስው ሰው ነበር። በ1935 አግረጋሲዮን የሚባለውን ከባድ የመምህራን ፈተና በሰዋስው አልፎ፣ ቱር ከተማ ውስጥ ለፈረንሳይ ልጆች ላቲንና ግሪክ ያስተምር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ለመጽሐፉ ስም ሲያወጣ በዘፈቀደ አያወጣም። ቃሉን የወሰደው ከግሪኮቹ ነው። ለእነሱ «አይቲዮፕስ» ማለት ፊቱን ፀሐይ ያከሰለው ሰው ነው፤ ከግብጽ ወዲያ ያለ ጥቁር ሁሉ። የቃሉ አካሄድ ደግሞ የሮማዊውን የቨርጂልን «ጆርጂክ» ይመስላል። ሄሊዮዶሮስ የሚባል የጥንት የግሪክኛ ደራሲ ስለ ኢትዮጵያ ንጉሥ ነጭ ሆና የተወለደች ልጅ የጻፈው ረጅም ታሪክም በፈረንሳይኛ ስሙ ይኸው «ኢትዮፒክ» ነው። ስለዚህ ወደ አማርኛ ብመልሰው «ኢትዮጵያውያን» አልለውም፤ አንባቢን ማሳሳት ይሆናል። «የጥቁር ሰው ዜማዎች» ብል ይቀርበኛል።

ወደ «አዎ»ው ስመጣ፤ ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ጊዜ ይህ ሰው ያንን የቱር ማስተማሩን ይዞ ነበር። እዚያው ሆኖ በ1936 «ለሳባ ዘር ጥሪ» ብሎ አንድ ግጥም ጻፈ። ግጥሙ ለእናቱ የሚናገር ነው፤ «እናቴ ሆይ፣ ቡሩክ ሁኚ» እያለ ደጋግሞ ይመለስበታል። የታተመው በ1948 በወጣው መድበሉ ውስጥ ነው። ካረጀም በኋላ፣ በ1979፣ ለንግሥተ ሳባ ብቻዋን ረጅም ኤሌጂ (የሐዘንና የትዝታ ግጥም) ጻፈላት። አርባ ዓመት ሙሉ ከአእምሮው ያልወጣች ሴት ናት ማለት ነው። ሴኔጋል ውስጥ የመሠረተውን መጽሔትም ያው «ኢትዮፒክ» ነው ያለው።

በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት እሱም አዲስ አበባ መጥቶ ነበር። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ ባንዲራ እንድናውለበልብ መንገድ ዳር አሰልፈውን እግሬ እስኪደነዝዝ ቆሜአለሁ። ካለፉት መኪናዎች በአንዱ ውስጥ እሱ ይኖር ይሆናል። እኔ ያየሁት ግን መስተዋት ብቻ ነው።

ጎራዴ

ጋሼ፣ ይቅርታዎንና ይህ ነገር ለእኔ አልተዋጠልኝም። በ1956 ሰውዬው የፈረንሳይ ፓርላማ አባል ነበር፤ እስከዚያ ዓመት መጀመሪያ ድረስ እንዲያውም የፈረንሳይ መንግሥት ሹም። የእኛን ስም ሽፋን ላይ ለጥፎ የፈረንሳይን ወንበር መሞቅ ምን ይባላል? ስም መዋስ ነው። የተዋሰ ደግሞ ይመልሳል።

ሰሊ_ባሕርዳር

ጎራዴ፣ ያንተን ዓይነት ገጣሚ ከፈለግክ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ፓሪስ አለልህ። ዴቪድ ዲዮፕ። የመጀመሪያም የመጨረሻም መጽሐፉ በ1956 ፕሬዛንስ አፍሪኬን በሚባለው ማተሚያ ቤት በኩል ወጣ። ርእሱ «ኩ ደ ፒሎን» ነው፤ የዘነዘና ምት።

ይህን ርእስ ለእኛ ማን ያስረዳናል? እናቴ በርበሬ ስታስወቅጥ ሁለት ሴቶች ሙቀጫውን መሐል አድርገው ፊት ለፊት ይቆሙ ነበር። አንዷ ስታነሳ ሌላዋ ታወርዳለች። አንዷ ለአፍታ ከዘገየች ዘነዘና ከዘነዘና ይጋጭና ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ካልዘገዩ ግን ያ ዱም ዱም የሚለው ድምፅ ሦስተኛ ቤት ይሰማል። የዲዮፕ ስንኞች እንደዚያ ናቸው። አጭር፣ ከባድ፣ አንዱን ቃል ደጋግሞ የሚያወርድ። የሴንጎር ስንኝ ወንዝ ነው፤ ተንጣሎ ይሄዳል፣ አንዳንዴ መድረሻው ይጠፋኛል (ይቅር በለኝ ሴን ዳር)።

«አፍሪካ» የሚለውን ግጥሙን ስንቱ ተማሪ በቃሉ ይወጣዋል። አያቱ ሩቅ ወንዝ ዳር ስለምትዘፍንላት አፍሪካ ይጀምርና «አላውቅሽም፣ ደምሽ ግን ዐይኔ ውስጥ አለ» ይላታል። እውነቱን ነው፤ የተወለደው ቦርዶ ነው፣ ፈረንሳይ። ከዚያ ጅራፍ ስለለመደው የጎበጠ ጀርባ ይጠይቃል። የሚመልስለት ድምፅ በነጫጭና በጠወለጉ አበቦች መሐል ብቻውን የቆመ አንድ ለጋ ዛፍ ያሳየዋል፤ ፍሬው ቀስ በቀስ የነጻነትን መራራ ጣዕም የሚይዝ ዛፍ። መራራ ማለቱን ልብ በሉልኝ። አብዛኛው አፍሪካ ገና ነጻ ባልወጣበት ሰዓት ነው እንደማይጣፍጥ የነገራቸው።

በ1958 ጊኒ ነጻ ወጥታ ፈረንሳዮቹ ጥለዋት ሲሄዱ ለማስተማር እዚያ ሄደ። በ1960 የተሳፈረበት አውሮፕላን ዳካር አጠገብ ባሕር ገባ። ገና 33 ዓመቱ ነበር። ያልታተሙ ጽሑፎቹም አብረውት ጠፉ ይባላል።

ጡረተኛው_መምህር

ሰሊ ልጄ፣ አበጀሽ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ዲዮፕን በ21 ዓመቱ፣ ማንም ሳያውቀው፣ በ1948ቱ የጥቁሮች ግጥም ስብስብ ውስጥ ያስገባው ማን መሰለሽ? ሴንጎር ነው። ለጎራዴም ይድረስ።

ጎራዴ

ደርሶኛል ጋሼ። አንድ ነጥብ ለሰውዬው።

ኦክላንድ_ነኝ

እኔ የማውቀው የዚያ ዓመት መጽሐፍ የእኛው ሰፈር ነው። ከኦክላንድ በባቡር ባሕሩን ተሻግሬ ሳን ፍራንሲስኮ ስሄድ ኮሎምበስ ጎዳና ላይ ሲቲ ላይትስ የሚባለው መጻሕፍት ቤት ጎራ እላለሁ። ላይኛው ፎቅ ግጥም ብቻ ነው፤ ወንበር አለ፣ ማንም «ምን ልታዘዝ» አይልሽም። የአሜሪካዊው ገጣሚ የአለን ጊንስበርግ «ሃውል» (ጩኸት እንደማለት ነው) አሁንም ጥቁርና ነጭ ሽፋኑን እንደያዘ እዚያ ይሸጣል። መጠኑ የጸሎት መጽሐፍ ያክላል፤ ኪስ እንዲገባ ተብሎ የተሠራ ነው፣ የተከታታዩ ስምም የኪስ ገጣሚዎች ነው። በ1956 ሲወጣ ዋጋው 75 ሳንቲም ነበር።

የሚያስቀው እንዴት እንደታወቀ ነው። ማተሚያው ርካሽ ስለነበር እንግሊዝ አገር ነበር የሚታተመው። በ1957 ሁለተኛው ዙር ሲመጣ የአሜሪካ ጉምሩክ «ብልግና ነው» ብሎ 520 ቅጂ ያዘ። ቀጥሎ ፖሊስ ሱቁ ድረስ መጥቶ፣ መጽሐፉን የሸጠውን ሠራተኛ ሺግ ሙራዎን አሰረ፤ አሳታሚው ሎረንስ ፈርሊንጌቲም ተከሰሰ። ዳኛው ክሌይተን ሆርን ሰንበት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምሩ ሰው ስለነበሩ «አለቀላቸው» ተባለ። እሳቸው ግን መጽሐፉን ቁጭ ብለው አንብበው፣ ኦክቶበር 3 ላይ ማኅበራዊ ፋይዳ ያለው ሥራ ነው ብለው በነጻ አሰናበቱ። ጉምሩክ ባይነካው ኖሮ አንድ ሺህ ቅጂ ታትሞ እዚያው ሰፈር በቀረ ነበር።

ሴን ዳር፣ ያንተ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የኒው ዮርክ ግጥም ምን ይላል? ሁለቱ በአንድ ዓመት ስለ አንድ አገር ምን እንዳሉ ማስተያየት አምሮኛል።

ሴን_ዳር

እህቴ፣ በእኔ ፈረንሳይኛ እንደሚሆን እንደሚሆን ልንገርሽ። መጀመሪያ ውበቷ ያስደነግጠዋል፤ ረጃጅም ወርቃማ ሴቶች፣ ሰማያዊ የብረት ዓይን። ሁለት ሳምንት ሲቆይ ማንሃተን ውስጥ የሚስቅ ሕፃን እንደሌለ፣ የሚያጠባ ጡት እንደሌለ ያስተውላል፤ በናይለን የተሸፈነ እግር ብቻ። ከዚያ ሃርለም ይሄድና ማታ ማታ የሚነቃውን ሰፈር ያያል። መጨረሻ ላይ ኒው ዮርክን «ጥቁሩን ደም ወደ ደምሽ አስገቢ» ይላታል፤ ዝገቷን እንደ ዘይት እንዲያለሰልስላት።

ኦክላንድ_ነኝ

ጊንስበርግ ከውስጥ ሆኖ ይጮኻል፤ ያንተ ሰውዬ እንደ እንግዳ መጥቶ መድኃኒት ያዛል። እንግዳነት ያምራል አንዳንዴ። እኔ 19 ዓመት ኖሬ መድኃኒቱ ጠፍቶብኛል።

ቡዳፔስት_ደረስኩ

እኔ በደርግ ጊዜ ሃንጋሪ ነው የተማርኩት። 1956 የሚለውን ቁጥር እዚያ አገር ድምፅህን ከፍ አድርገህ አትጠራውም ነበር።

ጉላ ኢየሽ የሚባል ገጣሚ አላቸው። «አንድ ዐረፍተ ነገር ስለ አምባገነንነት» የሚል ግጥም በ1950 ጽፎ አስቀመጠ። ሕዝቡ በኮሚኒስቱ መንግሥት ላይ ሲያምፅ፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1956፣ የጸሐፊዎቹ ጋዜጣ አወጣለት። በሁለተኛው ቀን የሶቪየት ታንክ ቡዳፔስትን ያዘ። ግጥሙ አገር ውስጥ በግልጽ ሳይታተም ዐሥርት ዓመታት አለፉ።

ርእሱ ቀልድ አይደለም። መቶ ምናምን ስንኝ ሙሉ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ነጥብ የለም፣ ትንፋሽ የለም። አምባገነንነት በጠመንጃው አፈሙዝ ብቻ አይደለም ያለው፣ በእስር ቤቱም ብቻ አይደለም ብሎ ይጀምርና ወደ ቤትህ ይገባል። ከሳህንህ፣ ከመሳምህ፣ ከልጅህ ተረት ውስጥ ያወጣዋል። መጨረሻ ላይ ሰንሰለቱ አንተው ራስህ ነህ።

የማደሪያ ጓደኛዬ በካርቦን የተባዛ ቅጂ ነበረው፤ ፊደሉ ደብዝዞ ሐምራዊ ጥላ መስሏል። አንድ ማታ መጋረጃ ዘግቶ እየተረጎመ አነበበልኝ። ሲጨርስ «ገባህ?» አለኝ። ምን እለዋለሁ? ከአዲስ አበባ ነው የመጣሁት።

ዋርካ_ሥር

ይህን አንብቤ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

ዲራ_ዱባይ

ከቡዳፔስቱ ወንድማችን ሐሳብ ጋር የሚሄድ ነገር። እዚህ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ኢራናዊ አለ፤ ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ ግጥም ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ነው የሚያወርደው። አንድ ቀን ጠዋት «ሰላም» ብዬው ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቶ ሳይመልስልኝ ቀረ። ተቀየምኩ። ኋላ ሲያውቅ ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝና፣ እኛ አገር ሰላምታ አለመመለስ ምን እንደሆነ እነግርሃለሁ ብሎ የመህዲ አኻቫን ሳሌስን «ዘመስታን» አነበበልኝ። ክረምት ማለት ነው፤ መድበሉም በዚያው ስም ቴህራን ውስጥ በ1956 ነው የወጣው።

በ1953 ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሞሳዴቅን ካወረደው መፈንቅለ መንግሥት ሦስት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ግጥሙ ሲጀምር «ሰላምታህን ሊመልሱልህ አይፈልጉም፤ ራሶች ከኮት አንገት ውስጥ ተቀብረዋል» ይላል። ብርዱ ነው እንዳትል፣ ብርድ ብቻ አይደለም። ሰምና ወርቅ የኛ ብቻ የሚመስለው ሰው እዚህ ጋ ትንሽ ይቀመጥ።

ጎራዴ

ይህን ነው የምፈልገው! ሴን ዳር፣ ያንተን መጽሐፍ ሽጥና ይህን ግዛ።

ሰሊ_ባሕርዳር

ሁሉም የፖለቲካ ሆነባችሁ። በዚያ ዓመት ኦክቶበር 25 የኖቤል ሽልማት ለስፔናዊው ገጣሚ ለሁዋን ራሞን ሂሜኔዝ ተሰጠ፤ በስደት ፖርቶ ሪኮ ነበር። ሚስቱ ዘኖቢያ በካንሰር አልጋ ላይ ነበረች፤ ዜናውን ሰማች፣ በሦስተኛው ቀን አረፈች። የታጎርን ግጥም ወደ ስፓኒሽ የመለሰችው እሷ ናት። ሽልማቱን ለመቀበል ስቶክሆልም አልሄደም። በቃ፣ ይህን ብቻ ልል ነው።

ሴን_ዳር

ሁለት ቀን ጠፋሁ፤ የጠፋሁት በእናንተ ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ ከሥራ ወጥቼ ሶርቦን ሄድኩ። በ1956 ሴፕቴምበር ከ19 እስከ 22 የመጀመሪያው የጥቁር ጸሐፊዎችና ከያንያን ጉባኤ የተደረገበት ነው፤ የጠራው የፕሬዛንስ አፍሪኬን መሥራች አሊዩን ዲዮፕ ነበር። ሴንጎር ነበር፣ ቅኝ ግዛትን የተቃወመው ጸሐፊ ፋኖን ነበር፣ አሜሪካዊው ደራሲ ሪቻርድ ራይት ነበር። የማርቲኒኩ ኤሜ ሴዜርም ነበር፤ «ወደ ትውልድ አገር የመመለስ ማስታወሻ» የሚለው ረጅም ግጥሙ በ1939 መጽሔት ላይ ቢወጣም የመጨረሻ መልኩን ይዞ የታተመው በዚሁ ዓመት ነው። አሜሪካዊውን ጥቁር ምሁር ዱ ቦይስን ግን አገሩ አሜሪካ ፓስፖርት ከልክላው መልእክት ብቻ ላከ። አዳራሹን አላስገቡኝም፤ የተማሪ መታወቂያ ያስፈልጋል አሉኝ። በር ላይ ቆሜ ተመለስኩ፤ ጋሼ፣ እንደ እርስዎ መስተዋቱን።

ሁለተኛ፣ ቢላ አነሳሁ። የሽንኩርት ቢላ ነው፣ ሌላ አልነበረኝም። ወረቀቱ ሲቀደድ እንደ እንጀራ ጫፍ ብን የሚል ፍርፋሪ ጠረጴዛው ላይ ያወርዳል።

ያ ያልተነበበው ድርሰት ርእሱ «ላማንቲኖች ምንጭ ዘንድ ሊጠጡ እንደሚሄዱ» ነው። ላማንቲን ወንዝና ባሕር ውስጥ የሚኖር ትልቅ እንስሳ ነው። በእነሱ አገር ተረት ድሮ ባለ አራት እግር ወይም ሰው ሳሉ እንደሚያደርጉት ዛሬም ወደ ምንጩ እየተመለሱ ይጠጣሉ። «የፈረንሳይ ገጣሚ ነው የምትቀዳው» ለሚሉት የሰጠው መልስ ነው፤ እኔ የቀዳሁት ከመንደሬ ሴቶች ነው ይላል፤ ማሮን የምትባል የመንደሩን ገጣሚ በስም ይጠራል። ግጥም የሚሞላው ቃልም ዜማም ሆኖ ሲዘፈን ነው ይላል።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ወደ ግጥሞቹ ተመለስኩ፤ ቀድሞ ያላየሁትን አየሁ። ከርእሶቹ ሥር በትንሽ ፊደል መሣሪያ ተጽፏል! «ኮንጎ» ሥር «ለሦስት ኮራና ለአንድ ባላፎን»፤ ኮራ ባለ ጅማት፣ ባላፎን በዱላ የሚመታ የእንጨት መሣሪያ ነው። «ኒው ዮርክ» ሥር «ለጃዝ ኦርኬስትራ፤ የትራምፔት ሶሎ»። «ቻካ» ለብዙ ድምፅ የተጻፈ ነው። ስለ ሙዚቃ መስሎኝ የገዛሁት ሰው ብዙም አልተሳሳትኩም!

ጡረተኛው_መምህር

ልጄ፣ አሁን «አዎ»ው በረታ። ኮራ 21 ጅማት አላት፤ የእኛ በገና ዐሥር። ቅኔን ያለ ዜማ የሚቀበል የቅኔ ቤት አላየሁም። ሰውዬው ስሙን ከግሪክ ቢወስደውም ነገሩ እኛ ዘንድ ዘመድ አለው። «ላማንቲን»ን በአማርኛ ምን ልትለው ነው?

ሴን_ዳር

«የባሕር ላም» ልበለው?

ጎራዴ

ላም ተረት አላት፤ ወተቷን አላየንም። ጉማሬ በለው።

ሰሊ_ባሕርዳር

ጉማሬ ጣና ላይ አለ፣ ሌላ ነው! ጀልባ ገልባጭ ነው። የሴንጎር እንስሳ የዋህ ነው፣ ሣር የሚግጥ። ላማንቲን ብለህ ተወው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲያነብ ይለምደዋል።

ዋርካ_ሥር

አንድ ጥያቄ ካንድ መሐይም። ግጥሙ ካልተዘፈነ ጎዶሎ ነው ካለ፣ እዚህ በጽሑፍ ምን እንነታረካለን? ሴን ዳር፣ ያን የኮንጎውን ጮክ ብለህ አንብበህ ቅዳና ልቀቅልን። ፈረንሳይኛ ባይገባኝም ዜማው ይገባኛል።

ኦክላንድ_ነኝ

እደግፋለሁ። እኔም «ሃውል»ን ቀድቼ እለቃለሁ፤ አድሚን ከፈቀደ። አንዳንድ ቃሉን እዘለዋለሁ፤ እናቴ እዚህ ክር ላይ አለች።

ሴን_ዳር

ቀድቼ ለቅቄዋለሁ። አራት ደቂቃ ነው። ከኋላ የሚሰማው ኳ ኳ የጎረቤቴ ዱላ ነው፣ ግድግዳውን እየመታ፤ ባላፎን እንዳይመስላችሁ።